መኪና ቆጣሪው ቱቦ

«እስቲ አረፍ በይ» አትበሉኝ። እኔ ቁጭ የምለው መሪ ስይዝ ብቻ ነው። ወንበር ላይ ካስቀመጡኝ እግሬ ወለሉን ሲደበድብ ሰው ይቆጣል። ሰፈርተኛው «ጥድፌ» ብሎ ስም ያወጣልኝም ለዚሁ ነው። ሚኒባስ ነው የምነዳው። መስመሬ አንድ ነው፣ እሱም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዘፈን ተዘፍኖ ሁለተኛው ሳይጋመስ ያልቃል።

መንገዱ ከዋናው አስፋልት ነዳጅ ማደያው ጥግ ይገነጠላል። በጡብ ፋብሪካው አጥር ሥር ያልፍና ሁለቴ ተጠማዞ ድልድዩ ላይ ይወጣል። ድልድዩ የሚያሳልፈው አንድ መኪና ብቻ ነው። ሁለት ሹፌሮች ፊት ለፊት ከተፋጠጡ ጨዋው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ተመልሼ አላውቅም። ከድልድዩ ማዶ መጀመሪያ የአባቴ ቤት አለ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ወፍጮ ቤቱ። ከዚያ በኋላ መንገዱ አንድ የተተወ የድንጋይ ካባ አፋፍ ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። አለቀ፣ ሌላ የለም።

የተሠራው ለእኛ ተብሎ አይደለም። ድሮ ታች ግድብ ሲገነባ ከካባው ድንጋይ ማመላለሻ ነበር። ግድቡ አለቀ፣ ካባው ተዘጋ፣ ኩባንያው ማሽኑን ጭኖ ሄደ። መንገዱ ግን የመንግሥት ቁጥር ተሰጥቶት ስለነበር ቁጥሩን እንደያዘ ቀረ። ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ መገንጠያው ላይ ዛሬም ቆሟል። እንግዳ ሹፌር ሰሌዳውን ሲያይ ትልቅ ከተማ የሚያደርሰው መስሎት ዘው ብሎ ይገባል። ካባው አፋፍ ደርሶ፣ ዞሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ያየነው ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ስንስቅ እንከርማለን።

አባቴ ያኔ ዳምጠው ነጂ ነበር፣ ያ ጠጠር የሚጠቀጥቀው ባለ ብረት ጎማ ከባድ ማሽን። ጓደኞቹ ሥራው ሲያልቅ ወደ ሌላ መንገድ ሄዱ፣ እሱ እዚሁ ቀረ። መንገዱ ዳር ቤት ሠራ፣ እናቴን አገባ፣ እኔን ወለደ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። እኔ ነዳጅ ማደያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ክላክስ አደርጋለሁ፣ እሱም በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ እጁን ያነሳል። ልቡ ደካማ ነው፣ ለክትትል ከተማ ሆስፒታል የማመላልሰው እኔ ነኝ። «አባባ፣ ና ከእኔ ጋ ኑር» ስለው «ያንቺን ክፍል አውቃታለሁ፣ አንቺ እግርሽን ስትዘረጊ እኔ ውጭ ነኝ» ይለኛል።

እንግዲህ ዘንድሮ የመንገዶች መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። ድልድዩ ተሰንጥቋል አሉ። ይሄን እኛም እናውቃለን። ይጠገናል ወይ? እሱ ይታያል አሉ። መኪና የማይበዛባቸው መንገዶች ከመንግሥት እጅ ወጥተው ለየአካባቢው ሰው ሊተዉ ነው። ለአካባቢው ሰው ይተዋል ማለት ማንም አይነካውም ማለት ነው። ድልድዩ ከክረምቱ በፊት በድንጋይ ይታጠራል፣ ሚኒባሴም ከድልድዩ ወዲህ ይቀራል። ልቡ የደከመ ሰውዬ ማዶ ብቻውን ትቼ እኔ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው? ይዤው መውጣት ይኖርብኛል። አባቴን ከዚያ በረንዳ ማንሳት ደግሞ ለእኔ ከመሞት አይተናነስም።

የሚወስነው ቆጠራው ነው ተባለ። ድልድዩ ሳይደረስ አንድ ጥቁር የጎማ ቱቦ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ዘርግተው በምስማር መቱት። ጫፉን የብረት ሳጥን ውስጥ አስገብተው ሳጥኑን ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት ጠፈሩት። ጎማ ቱቦውን በረገጠ ቁጥር ሳጥኑ ይቆጥራል። ለአንድ ሳምንት ይቆያል ብለው ሄዱ።

እኔ ምን ቆርጦኝ ቁጭ ብዬ አያለሁ! በማግስቱ ጠዋት ተሳፋሪዎቼን ትምህርት ቤቱ ጋ አወረድኩና ባዶዬን ተመለስኩ። ቱቦውን ረገጥኩት፣ ጧ ጧ አለ። ጡብ ፋብሪካው ጋ ዞሬ እንደገና መጣሁ፣ ጧ ጧ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም። የሰፈራችን ሰው ወሬ አይቋጥርም፣ አንዱ ጋ ከወጣ መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው የምናገኘው።

በሦስተኛው ዙር ይመስለኛል ድልድዩ ላይ ከባለ ወፍጮው ትራክተር ጋር የተፋጠጥነው። ተሳቢውን አስከትሏል፣ ተሳቢው ላይ አንዲት ጆንያ እንኳ የለችም።

«ወዴት ነው በባዶ?» አልኩት።

«ቁልፍ ረስቼ» አለኝ። «አንቺስ?»

«ተሳፋሪ ረስቼ።»

«ሰው ይረሳል እንዴ?»

«አንተ ቁልፍ ፍለጋ ተሳቢ ይጎተታል እንዴ?»

ጢሙን አሻሸ። የሚገርመው፣ ያን ቀን ወደ ኋላ የተመለሰው እሱ ነው፣ ለካ ቱቦውን አንድ ጊዜ በወደፊት፣ አንድ ጊዜ በኋላ ማርሽ ለመርገጥ ኖሯል። እኔ ሞኟ ከበሬታ መስሎኝ እጄን አውጥቼ አመሰገንኩት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጉድ ላውራ ብል አይመሽልኝም። የሒሳብ መምህሩ ሞተር ሳይክሉን «ሞተሩን ላሟሙቀው» እያለ በእረፍት ሰዓት ሁሉ ይመላለሳል። ነርሷ የክሊኒኩን መኪና ያለ በሽተኛ ይዛ ትወርዳለች፣ ያለ በሽተኛ ትወጣለች፣ ለጨዋታው ማማሪያ ደግሞ ሳይረኗን ታስጮኸዋለች። የጡብ ፋብሪካው ጭነት መኪና ጡብ ጭኖ ወደ ካባው ይሄዳል፣ ያንኑ ጡብ ጭኖ ይመለሳል። ሁላችንም እንተያያለን፣ ሁላችንም የሆነ ነገር ረስተናል። እያንዳንዳችን መንገዱን ብቻችንን የምናድን መስሎን ምስጢሩን በሆዳችን ይዘን ስንከንፍ ሰነበትን። ተቀምጠን ብንመካከር ኖሮ «አንተ ሰኞን፣ አንቺ ማክሰኞን» ተባብለን በልክ እናደርገው ነበር። ማን ሊናገር!

ሰዎቹ ቱቦውን ነቅለው ከሄዱ በኋላ ነዳጅ ማደያው ጋ በቆምኩ ቁጥር ስልኬን አያለሁ፣ ሳጥኑን የያዘ ሰው የሚደውልልኝ ይመስል። አንድ ቀን ባለ ወፍጮው እየሮጠ መጣና «ተረፍን! መንገዱ አይተውም! ድልድዩም አዲስ ሊሠራ ነው!» ብሎ መንገድ መሐል አቀፈኝ። እልል አልኩ። ሚኒባሱን አስነስቼ ለአባቴ ልነግረው በረርኩ።

ስደርስ በሩ ላይ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቆሟል። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ሜትር ይዛ ከመንገዱ ጠርዝ ወደ በረንዳው ትለካለች። ባልደረባዋ ቀይ ቀለም ይዞ ግድግዳው ላይ ኤክስ ምልክት አድርጓል፣ ቀለሙ ገና ይንጠባጠባል። አባቴ ወንበሩን ለልጅቷ ለቆላት እሱ ቆሟል።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩ። ድምፄ ጮኸብኝ።

«እህቴ፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው» አለችኝ በትሕትና። «ይሄን ያህል መኪና በአንድ ድልድይ፣ በዚህ ጠባብ መንገድ ሊስተናገድ አይችልም። ድልድዩ ባለ ሁለት መስመር ይሆናል። ከድልድዩ ሲወጣ በዚህ በኩል ነው የሚሰፋው፣ በዚያ በኩል ገደል ነው። ቤቱ መንገዱ ውስጥ ይገባል።»

ሳምንቱን ሙሉ ስመላለስ ጎማዬ የሚሄደው እዚህ ግድግዳ ላይ ነበር ማለት ነው! ልጅቷ ደግሞ ወደ አባቴ ዞረች።

«አባት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አለቆቼ ቁጥሩን ሲያዩት በዛባቸው። ቱቦው ተበላሽቶ ይሆናል ብለው ጠርጥረዋል። እርስዎ እዚሁ በረንዳ ላይ ነው የሚውሉት፣ እውነት ይሄን ያህል መኪና ያልፋል? ካልሆነ ይንገሩኝና እንደገና እናስቆጥራለን።»

ይኸው፣ ፈጣሪ በር ከፈተልኝ አልኩ። እንደገና ይቆጠር፣ ስንት እንደሆንን ይታወቅ፣ ቤቱ ይትረፍ። ሌላውን በኋላ እናየዋለን። አፌን ከፈትኩ፣ አባቴ ግን ቀደመኝ።

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ውሸት ሲሰማ የሚያሳክከው ሰው ነው። በሠርጌ ቀን ሙሽራውን ገና በሩ ላይ አቁሞ «ልጄ፣ አንተና እሷ ዓመት አትደፍኑም» ያለ ሰው ነው። አልደፈንንም። ይሄ ሰውዬ ነው እንግዲህ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየ የሚከተለውን ያለው።

«ኧረ እንኳን ይሄ! ቱቦዋ ነች ያሳነሰችው። ሻዬን ሳማስል ማንኪያዋ ሳትዞር ሦስት መኪና ያልፋል። በአቧራው ጥርሴ አለቀ። አስፉት፣ ቶሎ አስፉት!»

መሐንዲሷ ሳቀች፣ አመሰገነችው፣ ሜትሯን ጠቅልላ ሄደች። መኪናቸው ዞር እስኪል እንኳ አልታገስኩም።

«አብደሃል? ቤትህን እኮ ነው ያስፈረስከው! እነግራት ነበር፣ አፌ ላይ ነበር!»

«አይቼሻለሁ። ለዚህ ነው የቀደምኩሽ።»

«ሳምንቱን ሙሉ የተንከራተትኩት አንተን እዚሁ ለማቆየት ነበር! ለሌላ ለማንም አይደለም፣ ገባህ? ለአንተ!»

«እሱንም አውቃለሁ» አለ። «ባዶሽን ባለፍሽ ቁጥር ክላክስ ታደርጊያለሽ፣ እኔም እጄን አነሳለሁ። ክንዴ ሊገነጠል ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ።»

ልስቅ ወይስ ልጮህ አላወቅሁም። በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር። እሱ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ስሚኝ» አለ። «እንደገና ቢቆጥሩን በቀን ሃምሳ መኪና አንሞላም። ድልድዩ ይታጠራል። ነርሷ በሽተኛ ይዛ እዚሁ ትቀራለች፣ የልጆቹ መምህርም መምጣት ያቆማል። አንቺም አትመጪም። እኔ እዚህ በሰላም ተቀምጬ ምኑን ልሰማ ነው? ወፉን?»

ወንበሩን በእርግጫ አልኩት፣ እሱ እንደተቀመጠበት። ቀና ብሎም አላየኝ።

ለቤቱ ምትክ ቦታ ሰጡት፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከመንገዱ ራቅ ያለ። ሄዶ አየውና «ምንም አይሰማም» ብሎ ተመለሰ። ስለዚህ አልጋውን አፍርሰን የእኔ አንዲት ክፍል ውስጥ አስገባነው። ግድግዳውን ማሽኑ ሲገፋው ባለ ወፍጮውና መምህሩ አባቴ አጠገብ ቆመው ነበር፣ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ነርሷ ታለቅሳለች። እሱ ግን የማሽኑን ሹፌር «ከጎን ያዘው እንጂ ከፊት አትምጣበት!» እያለ ሲያሠለጥን ዋለ። ጎበዝ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ማታ ግን አልጋው ላይ ሲገላበጥ ሰማሁት። በማግስቱም ሲገላበጥ አደረ። አሁን የእሱ እግር ነው ወለሉን የሚደበድበው።

አንድ ቀን ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ኮፍያውን አድርጎ መጣና ጋቢናውን ከፍቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ሆስፒታል ቀጠሮ አለህ?» ብለው «የለኝም፣ ንጂ» አለኝ። እስከ ካባው ሄድን፣ ተመለስን፣ ደግመን ሄድን። ከዚያን ቀን ወዲህ ከመጀመሪያው ጉዞ እስከ መጨረሻው አጠገቤ ነው የሚውለው። ተሳፋሪ ይቀየራል፣ እሱ አይወርድም።

አዲሱ ድልድይ የተከፈተ ዕለት ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ሁለት መኪና ጎን ለጎን ያልፋል፣ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ሬንጁ ገና የሚሸት። በሕይወቴ ሙሉ እንደዚያ ያለ መንገድ ላይ ነድቼ አላውቅም። ማርሽ ጨመርኩና ለቀቅኩት። ከድልድዩ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ቀስ በይ» አለኝ።

«ምን ሆንክ? ልብህ ነው?»

«ልቤ ደህና ነው። ሳሎኑን አለፍን። አሁን መኝታ ቤቱ ላይ ነን፣ እናትሽ የተኛችበት ጋ። ቀስ በይ።»

ከኋላ አንዱ «ጥድፌ፣ ምነው ቆምሽ?» ብሎ ጮኸ። በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው በእግሩ እንደሚሄድ አድርጌ አለፍኩት። አሁንም በቀን ስንቴም ባልፍ እዚያ ስደርስ ቀስ እላለሁ፣ ሰውም ለምዶታል።