የጉበት ዘበኞች

ፈንታ የቅሉን ውስጥ በጣቱ ፈተገ። የደረቀው ቡናማ ዝቃጭ አልለቅ አለው። የለቅሶውን ዕቃ ሊያጥብ ጓዳ ገብቶ፣ ከጎታው ጀርባ ተሸጉጦ ያገኘው ነው። አሸተተው። ኮሶ ነው።

እጁ ቆመ።

እህቱ ዘሪቱ ከተቀበረች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ነቀርሳው ከጡቷ ተነሥቶ ጉበቷ ገብቶ ነበር። በመጨረሻ የወሰዳት ግን ድንገት የተነሣባት ትኩሳት ነው። ክኒኑን ከአዲስ አበባ ያመጣላት፣ በየሳምንቱ ከደብረ ማርቆስ ይጁቤ እናታቸው ቤት እየተመላለሰ የሚሰጣት እሱ ነበር፤ የሆስፒታል ድሬሰር ነውና።

አዲስ አበባ ያያት ሐኪም በወረቀት ላይ ጉበት ሥሎ ነጠብጣብ አድርጎበት ነበር። «እነዚህን ዘበኞች በሏቸው። በጉበት የሚያልፈውን ደም እየፈተሹ ተውሳኩን ይውጡታል። ክኒኑ ዕጢውን ሲመታ እነሱንም ያደክማል። ምን ያህል እንደሚያደክማቸው እኛም በውል አናውቅም። ብቻ ጉበቷን ሌላ ነገር አታሸክሙት፤ ኮሶም ቢሆን።»

ዘሪቱ ሣቀች። «ኮሶ ካልጠጣሁማ እናቴ ቤት አታስገባኝም!»

እውነቷን ነው። እነሱ ቤት በየሁለት ወሩ ኮሶ የማይጠጣ ሰው አልነበረም። ፈንታ የዘበኞቹን ነገር፣ ኮሶ እንዳትሰጣትም ለእናቱ ሁለት ጊዜ ነግሯት ነበር። ሁለት ጊዜም «እሺ» ብላዋለች።

«ፈንታ! እስቲ ወዲህ ና!»

አጎቱ ቢተው ነበሩ። ፈንታ ቅሉን አስቀምጦ፣ እጁ እንደራሰ ወደ ዳሱ ወጣ። ንፍሮ የሚቆረጥሙት ሁሉ ቀና አሉ።

«አንተ የተማርኸው፣ ለመሆኑ ምን ነበር ያዋጥሃት?»

«መድኃኒት ነው፣ አያ ቢተው።»

«መድኃኒትማ ያድናል። ያንተው ዐይኗን ብጫ አድርጎ ነው የሸኘልን። ንገረና፤ ሰው ይስማህ!»

ፈንታ እናቱን አያት። አመተ ማርያም ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ተቀምጣለች። የምታየው ፊቱን አልነበረም፤ ጥፍሩ ሥር የቀረውን ቡናማ እድፍ ነበር። አፏ ውስጥ ያለውን ንፍሮ ማኘክ ትታለች።

አንድ ቃል ይበቃው ነበር።

«ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «የሰጠኋትም እኔ።»

ቢተው ፊታቸውን አዞሩ። ከጥግ አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት።

ጓዳ ተመልሶ ቅሉን ሲያነሣ፣ እናቱ ተከትላው ገባች።

«ሆዷ ተነፍቶ ታቃስት ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ይጠርግላት ብዬ ነው። ራሷም ስጪኝ አለችኝ።»

ፈንታ ዝቃጩን በጥፍሩ ፋቀ።

«እነዚያን ዘበኞች ያልካቸውን... እኔ ነኝ የጨረስኳቸው?»

«ክኒኑ አስቀድሞ አድክሟቸው ነበር፣ እማ።»

«ልታጽናናኝ ነው።»

«አይደለም። ትኩሳቱ ከየትኛው እንደመጣ እኔ አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም።»

አመተ ማርያም የውሃውን እንስራ አዘነበለች። እሷ ስታፈስ እሱ ፈተገ፤ ስታፈስ ፈተገ፤ ውሃው እስኪጠራ። ከዚያ ቅሉን አራገፈና አፉን ወደ ታች አድርጎ ችካሉ ላይ ሰቀለው።