ለአደጋ ብቻ የተተወው ሞገድ

በመርሳ የመንገድ ጥገና ካምፕ ሬዲዮ ላይ ሁለት ሞገድ ነበር። በአንዱ የናፍጣና የጎማ ወሬ ሲወራበት ይውላል፤ ሁለተኛው ለአደጋ ብቻ የተተወ ነው። ሬዲዮኛው ይርጋ ይህን ሁለተኛውን እንደ ዓይኑ ብሌን ሲጠብቀው ኖሯል። ሰላምታ ሊለዋወጥበት የሞከረውን ሁሉ ልክ ልኩን ይነግረዋል። የሚከፈተው ሰው ሊሞት ሲል ብቻ ነው ይል ነበር።

በስልሳ አምስት ዓ.ም. ሰው ሊሞት መጣ። ዝናቡ ቀረ፤ የግራናም የሌላውም አገር ገበሬ እየተነቀለ አውራ ጎዳናው ዳር ፈሰሰ። ከካምፑ አጥር ሥር ከወደቁት መካከል መሪማ ነበሩ። የይርጋ እናት በአራስነቷ ስትታመም እሱን ከገዛ ልጃቸው እኩል አጥብተው ያተረፉት እኚህ ሙስሊም ጎረቤት ናቸው። ይርጋ ምሳውንም እራቱንም ይሰጣቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ አጠገባቸው ለተኙት ሕፃናት ያድሉታል። እምቢ ቢላቸው አይሰሙም። የሚያድናቸው የእህል መኪና ብቻ ነበር።

ስለዚህ ያን ሞገድ ከፈተ። ደሴ ያለው ባልደረባው ግርማ የትኛው ድልድይ ፈረሰ፣ የትኛው መኪና ተገለበጠ ብሎ ጠየቀው። ሰው በረሃብ እያለቀ ነው አለ ይርጋ። ግርማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንን ቃል ሁለተኛ እንዳያነሳው ለመነው፤ የበላዮቹ ከልክለዋል። ረሃብ ደግሞ ከአደጋ አይቆጠርም፤ ሞገዱን ልቀቅ፣ እውነተኛ አደጋ ይመጣ ይሆናል አለው። እውነተኛ አደጋ! ከመስኮቱ ማዶ ሬሳ እየተገነዘ።

ይርጋ ሲማጸን ሰነበተ፤ የሚሰማው አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት መሪማን ውሃ እንኳ አልወርድ አላቸው። ያን ጊዜ ጨርቁን ሊጥል ደረሰ። ማይክሮፎኑን አንስቶ፣

«ከውርጌሳ ወዲህ ያለው ድልድይ ተደርምሷል። ቶሎ ድረሱ» አለ።

ብቻ መኪኖቹ ይምጡ፣ ሰዎቹ ይህን ሕዝብ በዓይናቸው ይዩት እንጂ፣ ቢያስሩትም ግድ አልነበረውም።

ግርማ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ተሯሯጠ። ይርጋ ደጅ ቆሞ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። የወትሮው አውቶቡስ እንኳ ሳይመጣ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ጠራ።

«አይዞህ» አለው ግርማ፤ «መንገዱን ውርጌሳ ላይ ዘግተነዋል። ትንሽ ብንዘገይ ጉድ ይፈላ ነበር። እዚህ ያሉ ነጋዴዎች አዋጥተው ማሽላ የጫነ መኪና ወደ እናንተ ልከው ኖሯል፤ በስንት መከራ መለስነው።»

ድልድይ ፈረሰ ሲባል ከሁሉ በፊት መንገድ እንደሚዘጋ ይርጋ ስንቱን ጀማሪ አስተምሯል። እሱው ረሳው።

ዋሽቼ ነው፣ ድልድዩ ደህና ነው፣ መኪናውን መልስልኝ ብሎ እያለቀሰ ለመነ። ግርማ ግን መሐንዲስ በዓይኑ ሳያየው መንገዱ እንደማይከፈት፣ መሐንዲሱም የሚደርሰው ነገ እንደሆነ ነገረው።

ይርጋ ወጥቶ ከመሪማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዓይናቸውን በግድ ገለጡ።

«ልጄ፣ ሰሙህ ወይ?» አሉት።

አንገቱን ደፋ። እውነቱን ሊነግራቸው አልቻለም።

«ሰሙኝ፣ እማዬ። አይዞዎት።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና እጁን ያዙት። መንገዱ በማግስቱ ሲከፈት እሳቸው ተቀብረው ነበር።