በፊት ለፊቱ በር

ኤድና ወንድሟን በፊት ለፊቱ በር ሸኘችው፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በደርሃም የከሰል ማዕድን መንደሮች ሰው የሚገባውም የሚወጣውም በጓሮ ነው። የፊቱ በር የሚከፈተው ለሙሽራ ወይም ለሬሳ ሣጥን ብቻ ነው። ዊልፍ ግን ፈቃዱ አልቆ ወደ አየር ኃይሉ ሰፈር ሲመለስ አውቶቡሱ ሊያመልጠው ደረሰ፤ ማቆሚያው ደግሞ በፊት በኩል ነበር።

"ክፈችልኝ እንጂ! እስክሞት ልጠብቅ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

ከፈተችለት። እናታቸው ሂልዳ የማድቤቱ ደፍ ላይ ቆማ አየች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቴሌግራም መጣ፤ ዊልፍ ጀርመንን ሊደበድብ ከሄደው አውሮፕላን ጋር ጠፍቷል።

ቴሌግራሙ ከመጣ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ሂልዳ ለኤድና አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። መጋረጃም አላስዘጋችም፤ መጋረጃ የሚዘጋው ለሞተ ሰው ነው።

"ጠፋ ማለት'ኮ ሞተ ማለት አይደለም" አለች ለማጽናናት ከመጡት ጎረቤቶች አንዷ ሻይዋን እያማሰለች።

"ተይ እባክሽ!" አለች ሌላዋ ጎረቤት ኔሊ። "የእህቴም ልጅ 'ጠፋ' ነበር የተባለው።"

"ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።"

"ትስማ! በዚያ በር ያስወጣው ማን ሆነና?"

ኤድና ሰምታለች። ማንቆርቆሪያውን አንሥታ የኔሊን ሲኒ ሞላች።

የጓሮው በር ተንኳኳ። የአየር ኃይል ልብስ የለበሰ ቀጭን ወጣት ቆቡን አውልቆ ገባ።

"እማማ፣ ሲድ እባላለሁ። ከዊልፍ ጋር አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው።"

"ተቀመጥ" አለች ሂልዳ።

"ቆሜ ልናገር።" ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። "የአውሮፕላኑ ጭራ ላይ ያለው መትረየስ የእኔ ነበር። ጆሮዬን አሞኝ ሐኪሙ እንዳልበር ከለከለኝ። 'ማን ይተካው?' ሲባል ዊልፍ እጁን አወጣ።"

ኤድና ከአምስት ቀን በኋላ ገና አሁን በደንብ ተነፈሰች። ወዲያው አፈረች።

"አንተማ ተርፈሃል!" አለች ኔሊ።

"ዝም በይ፣ ኔሊ" አለች ሂልዳ። ዓይኗን ከሲድ አልነቀለችም። "የሆነውን ማን አየ?"

"አጠገባቸው የሚበሩት። ክንፉ በእሳት ተያያዘ፤ ከዚያ…"

"ፓራሹትስ?"

"እማማ…"

"ስንት ፓራሹት አዩ ነው የምልህ!"

"አንድም።"

ሂልዳ ተነሥታ መጋረጃውን በገዛ እጇ ዘጋች። ከዚያ ዊልፍ ከመዝመቱ በፊት የከሰሉ ጉድጓድ ሲወርድ ያደርገው የነበረውን ቆብ ከምስማሩ አነሣች። የከሰሉ ጥላሸት አሁንም አለበት።

"የፊቱን በር ቁልፍ አምጪ" አለቻት ኤድናን።

ኤድና አመጣች። ቁልፉ አልዞር አላት። ሂልዳ እጇን በልጇ እጅ ላይ አድርጋ አብራት አዞረችው።

ኔሊ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሌሎቹም ተነሡ።

ሂልዳ ቆቡን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ የሬሳ ሣጥን የሚሸከሙ ሰዎች እንደሚራመዱት ቀስ ብላ በፊቱ በር ወጣች። በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።