ስምንተኛው ዘፈን

ሰባቱ ዘፈኖች ተቀድተው አልቀዋል። የቀረው ስምንተኛው ነው፤ እሱም እንግዳው የሚባለውን ጊታር መቺ አላስበላ አላስተኛ ካለው ወር አልፎታል።

እንግዳው የስሜን ተራሮች አስጎብኚ ነበር። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ግን ሥራ ፈትቶ ደባርቅ ተቀምጧል። ድሮ አንድ ፈረንጅ በፍላሽ ትራሽ ሜታል የሚሉት የጩኸት ሮክ አልበም ሰጥቶት ሄዶ ነበር። የመጀመሪያ ሥራቸውን የሠሩ ልጆች፣ ማንም ሳያለዝባቸው፣ ጊታሩን እየገዘገዙ፣ ድራሙን እየወገሩ፣ ዓለምን በሙሉ የሚሳደቡበት አልበም ነው። እንግዳው ቃሉ ባይገባውም ቁጣው ገባው። «ይኼ የኔ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ እሱ በጊታርና በድምፅ፣ ጓደኛው አብዱሰመድ በድራም «ገደል» የሚባል ባንድ አቋቋሙ። ሁለት ሰው ባንድ ይባላል ወይ የሚል ቢኖር፣ ደባርቅ ውስጥ ሌላ የለም።

ሲለማመዱ የኖሩት ተራራው ላይ ቡይት ራስ፣ ሥራ ባቆመ ሎጅ ውስጥ ነው። ሰባቱንም የቀዱት እዚያ ነው፤ ቢጮኹ የሚሰማቸው ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ ነበር። ባለቤቱ በዚህ ሳምንት ሎጁን ሲቆልፈው ግን ወደ ደባርቅ ወርደው፣ ከገበያው አጠገብ ባለው የአብዱሰመድ አባት ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ስምንተኛውን ለመቅዳት ተገደዱ። ያለቻቸው ዛሬ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት አብዱሰመድ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ ይሄዳል። ማይካቸው አንድ ስለሆነ ጊታሩም ድራሙም ድምፁም አብሮ ነው የሚቀዳው፤ አብዱሰመድ ከሄደ ስምንተኛው ዘፈን የለም።

ዘፈኑ «አይጠራም» ይባላል። የእንግዳው ታናሽ ወንድም ላቀው በጦርነቱ ሰሞን ዳባት ላይ ታየ ከተባለ በኋላ ይኸው አራት ዓመቱ፤ ስልኩ አይጠራም። መሞቱን የነገራቸው የለም፣ መኖሩንም የነገራቸው የለም። እናታቸው ዓለምዬ «መርዶ ሳይመጣ በቤቴ የሚያለቅስ ሰው እንዳላይ» ብላ ከልክላለች። በየማታው የላቀውን እራት በሳህን ከድና ታስቀምጣለች።

የዘፈኑ መጨረሻ ቃል የለውም፤ ጩኸት ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ የእንግዳው ጉሮሮ ይዘጋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲደጋግሙት ውለው የአብዱሰመድ መዳፍ ተልጧል።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ለፈረንጅ ዌልካም ዌልካም ስትል የጨዋ ጉሮሮ አወጣህ» አለው።

«አልወጣም አለኝ።»

«ሌሎቹን ሰባቱን እንዴት ጮኽካቸው?»

«እነሱ ንዴት ናቸው። ይኼ ግን...» እንግዳው የጊታሩን ክር ማጥበቅ ጀመረ። ይኼን ከጮኸ ላቀውን በገዛ አፉ መቅበሩ ነው። ካልጮኸ ደግሞ ከወንድሙ የሚቀረው ያ የተከደነ ሳህን ብቻ ነው። ጨነቀው፤ እንዲህ ጨንቆት አያውቅም።

«ስማኝ» አለ አብዱሰመድ ላቡን እየጠረገ። «ከነገ ወዲያ የኔም ስልክ አይጠራ ይሆናል። አንድ ጊዜ ጩኽልኝና ልሂድ።»

ጀመሩ። ድራሙ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። እንግዳው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ፣ ወጣለትም። የወጣው ድምፅ የዘፋኝ አልነበረም።

ደባርቅ ደግሞ ቡይት ራስ አይደለም። እዚህ አገር ሰው እንዲያ ከጮኸ ወይ ቤት እየነደደ ነው፣ ወይ ሰው ሞቷል፤ ሙዚቃ ነው ብሎ የሚቀመጥ የለም። በሩ ተበርግዶ ጎረቤታቸው አቶ ልደቱ ዱላቸውን ይዘው ገቡ፣ ከኋላቸው የገበያው ሰው ተግተልትሎ ገባ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት የመጣችው የእንግዳው እናት ናት። የልጇን ድምፅ ከሰፈር ሆና አውቃዋለች። እየሮጠች ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃዋለች።

«ማን ነገረህ?» አለች። «የላቀውን ማን ነገረህ?»

እንግዳው ጊታሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። «ማንም አልነገረኝም እማዬ። ዘፈን ነው። ዘፈን እየቀዳን ነው።»

«ዘፈን!» አቶ ልደቱ ዱላቸውን አነሱ። «እናትህን ልትገድላት ነው፣ አንተ ባለጌ?»

ዓለምዬ እጇን ዘርግታ ከለከለቻቸው። ልጇን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች፤ ነጠላዋን ግን አልመለሰችውም።

«በል ድገመው» አለች።

«እማዬ...»

«ድገመው አልኩህ። እኔ በገዛ ቃሌ ታስሬ ይኸው አራት ዓመቴ።»

አቶ ልደቱ ዱላቸውን አወረዱ። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ሌላዋም ተከተለቻት። አብዱሰመድ በተላጠ እጁ ድራሙን መምታት ጀመረ። እንግዳው አፉን ከፈተ፤ ጉሮሮው እንደገና ተዘጋ።

መቅጃው አልቆመም ነበር። በስምንተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ የምትጮኸው ዓለምዬ ናት።