ለልቧ ሲባል

«ጎድሏል፤ እየጠጣች ነው ማለት ነው» አሉ አክስት ኡባልዲና፣ ለሟቿ ነፍስ የተቀመጠውን የውሃ ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንስተው እያዩ።

የኖኤሚ እህት ካርሜንሳ ከሞተች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ዛሬ ከሰዓት ጸሎቱ ሲያበቃ ሻማው ይጠፋል፤ ነፍሷም በተከፈተው በር ትሄዳለች። በከተማቸው በሲዬናጋ እንዲህ ነው ሰው የሚሸኘው።

ስምንት ቀን ሙሉ አሮጊቷ ለለቀስተኛው ሁሉ ያንኑ ሲያንሾካሹኩ ሰነበቱ። ዛሬ ግን ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም።

«እዚሁ ቅርብ ሕክምናውን ወዲያው ሊጀምሩላት ነበር። ይቺ የተማረችው ናት ሦስት ሳምንት ያስጠበቀቻት። ለልቧ ብላ! በሽታው ጡቷ ላይ፣ የእሷ ጭንቀት ልብ ላይ!»

ኖኤሚ ባራንኪያ ውስጥ የጨረር ሕክምና ባለሙያ ናት። ከአራት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ወጥ ቤት ተቀምጠው፣ ሁለቱን መንገድ ለእህቷ አስረድታ ነበር። በአንደኛው ታካሚዋ እንደወትሮዋ እየተነፈሰች ትተኛለች፤ ሕመሙ የግራ ጡት ስለሆነ ጨረሩ ልቧን ይነካካል። በሁለተኛው አየር ስባ ሃያ ሰከንድ ትይዛለች፤ ሳንባዋ ሲሞላ ልቧ ከጨረሩ ገለል ይላል። ለዚህኛው ግን ባራንኪያ ሄዳ ሦስት ሳምንት ወረፋ መጠበቅ አለባት።

«ካንሰሩን የቱ ይበልጥ ይገድለዋል?» አለች ካርሜንሳ።

«እኩል ናቸው።»

«ታዲያ ልቤ ምን በደለ? ይትረፍ እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ ዓሣ እየጠበሰች ጉንጯን ነፍታ፣ በጣቷ እየቆጠረች ትለማመድ ጀመር። ባሏ ኤሊዬሰር «አንቺ ሴትዮ፣ ሃያ ሰከንድ ዝም ስትይ አየሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም» እያለ ያበሽቃት ነበር።

በሽታው ከሦስት ዓመት በኋላ ጉበቷ ላይ ተመለሰ። ሐኪሞቹ ኖኤሚን ያ ሦስት ሳምንት ምንም አልለወጠም አሏት። እሷም ለታካሚዎቿ የምትለው ይህንኑ ነው። ለራሷ ስትሆን ግን ማመን አቃታት። እህቴን የገደልኳት እኔ ብሆንስ?

«አክስቴ፣ ይብቃዎት» አለ ኤሊዬሰር ከበሩ ሥር። «ሐኪሙ ከዛሬ አታልፍም ያለን ማክሰኞ ነበር። ልጃችን ዊልሜር ከቺሊ የደረሰው ደግሞ ቅዳሜ። ጉበቷ አልቆ፣ ኩላሊቷ ቆሞ፣ ልቧ ብቻ ይመታ ነበር። ሐኪሙ አዳምጦ 'ይሄ ልብ ገና ወጣት ነው' አለኝ። ልጁ ገብቶ 'እማ' ሲላት ዓይኗን ገለጠች፣ አወቀችው። እነዚያ አራት ቀናት ከየት የመጡ ይመስልዎታል?»

ኖኤሚ በእነዚያ ቀናት እዚያው አልጋው አጠገብ ነበረች። ሦስቱን ሳምንት ስትቆጥር ኖራ አራቱን ቀን አንድም ጊዜ አልቆጠረቻቸውም። እንባዋ የመጣው አሁን ነው።

አክስት ኡባልዲና ብርጭቆውን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት። ጸሎቱ ሲያበቃም ሻማውን ወደ ኖኤሚ ገፋ አደረጉላት።

«አንቺ አጥፊው፣ ልጄ።»

ዊልሜር በሩን ከፈተ። ኖኤሚ ወደ ሻማው ጎንበስ አለች፤ ደረቷ እስኪሞላ አየር ስባ ያዘችው። በጠረጴዛው ልብስ ላይ ጣቶቿ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ። ኤሊዬሰር ቀና ብሎ አያት፤ ማንም አላጣደፋትም።

ሃያ ላይ እፍ አለች።