ጥሩ ሾፌር

ዓለምጌጥ ስለ ምርጫ ተናግራ የማታውቅ ሰው ነበረች። አገር ቤት ሳለች ድምፅ ስጡ ሲባል ተሰልፋ፣ የሰጧትን ወረቀት ያሳዩዋት ሣጥን ውስጥ ከትታ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ዳላስ ከመጣች ወዲህም ኑሮዋ ሌላ ነው። በሥራ ቀን ሜስኪት ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፤ እሑድ አርሊንግተን ባለው የአማርኛ ቸርች ኳየር ውስጥ ትዘምራለች። የተረፈውን ጊዜዋን ባሏን ግዛቸውን ስታስታምም ኖራ፣ እሱም ካረፈ ዓመት አልፎታል።

ግዛቸው ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ መሄድ ነበረበት። ባቡር በሌለበት አገር መኪና የሌለው ሕመምተኛ እግር እንደሌለው ነው። ዓለምጌጥ ያኔ መንጃ ፈቃድ አልነበራትም፤ ቢኖራትም ሺፍቷ አይለቃትም። አንድ ጠዋት ግዛቸው የአፓርትመንቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲያለከልክ፣ ከታች ፎቅ የሚኖረው የደሴው ሰው ሲራጁዲን አገኘው። ምንም አልጠየቀም። ደግፎ ታክሲው ውስጥ አስገባው፣ ወሰደው፣ ጠብቆም መለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግዛቸው እስኪሞት ድረስ አልቀረም። ኤርፖርት ተራ ይዞ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ተራውን ጥሎ ይመጣል። ሚስቱ መስዑዳ ደግሞ ዓለምጌጥ ከሥራ እስክትገባ ጨው የሌለው ሾርባ እያሞቀች ታጠጣዋለች። ዓለምጌጥ ለማመስገን አፏን ስትከፍት ሲራጁዲን ያቋርጣታል።

«ተይ እንጂ፤ ግዛቸው ጨዋታ አዋቂ ነው። ከቱሪስት ጋር ከምደነቁር ከሱ ጋር መሄድ ለራሴ ይሻለኛል» ይላል።

በፈረንጆቹ ናይንቲ ሰቨን ጸደይ ላይ የአካባቢው የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር ሊመርጥ ተነሣ። ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንደኛው ይኸው ሲራጁዲን ነው፤ የታክሲ ሾፌሮቹ ናቸው ገፋፍተው ያስገቡት። ሁለተኛው ሀይሌ ነበር፤ ዳውንታውን ቢሮ የሚሠራ፣ ሳክሲ በምትባለው ከተማ አዲስ ቤት የገዛ፣ ዓለምጌጥ የምትዘምርበት ቸርች ሽማግሌ። ክፉ ሰው አይደለም። ሲናገር ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያገኝ በሁለት እጁ የሚጨብጥ ነው።

በዚያው ሰሞን «ጎረቤት» የሚባለው ወርኃዊ ጋዜጣ አዘጋጅ ነቢዩ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ነቢዩ ወደ ዳላስ ከመምጣቱ በፊት ለንደን ኖሯል። እዚያ የሆቴል ሰሃን ያጥብ ነበር ይሉታል፤ እሱ የሚያወራው ግን ስለ ጋዜጦቹ ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ብሔራዊ ምርጫ ደርሶ ስለነበር ከአፉ አይጠፋም። «ለንደን ውስጥ ጋዜጣ ማንን እንደሚደግፍ ፊት ለፊት ነው የሚናገረው» ይላል። «ዘንድሮ ትልቁ ጋዜጣ ለዓመታት የደገፈውን ፓርቲ ትቶ ወደ ሌላው ዞረ። አገሩ ሁሉ ተነጋገረበት። የታወቁ ሰዎችም እገሌን እመርጣለሁ ብለው ስማቸውን ያወጣሉ። እኛ ዘንድ ግን ሁሉም በሆዱ ነው።»

ከፋሲካ በፊት በነበረው እሑድ፣ ነቢዩ ካሜራውን አንጠልጥሎ ቸርች መጣ። ሰው ከአምልኮ ሲወጣ በሩ ላይ እያስቆመ ያነሣል፤ ጥቂት ይጠይቃል። ዓለምጌጥንም አስቆማት።

«እህት ዓለምጌጥ፣ ለፋሲካው እትም ነው። ወንድም ሀይሌን ታውቂዋለሽ አይደል?»

«እንዴት አላውቀውም፤ የእኛ ሰው ነው እኮ። እዚሁ ነው የሚያገለግለው።»

«ሲራጁዲንንስ?»

ዓለምጌጥ ፊቷ በራ። «ሲራጅን? እሱማ ግዛቸውን እስኪሞት ድረስ ዳያሊሲስ ያመላለሰልኝ ነው። ጥሩ ሾፌር ነው፤ ግዛቸው የሱ መኪና ውስጥ ሲሆን ብቻ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። እንደ ወንድሜ ነው።»

«ኦኬ፣ ጌታ ይባርክሽ» አላት። ፈገግ በይ ብሎ አነሣት። እሷም ፈገግ አለች።

ጋዜጣው ሲወጣ ያየችው ጋርላንድ ካለው የአስካለማርያም ሱቅ ውስጥ ነው። በርበሬ ልትገዛ ገብታ ሳለ ባለሱቋ አስካለማርያም አንዱን ቅጂ ከመደርደሪያው አንሥታ ሰጠቻት።

«በደንብ ነገርሽው» አለቻት። «እኔ እንኳ እንዲህ ደፋር አትመስይኝም ነበር።»

ፊተኛው ገጽ ላይ በትልቁ «ጎረቤት ሀይሌን ይመርጣል» ይላል። ከሥሩ ለንደንን የሚያነሣ ረጅም ጽሑፍ አለ። ገጹ ሲገለጥ ደግሞ የሰዎች ፎቶ ተደርድሯል፤ «እኛም ሀይሌን እንመርጣለን» የሚል ርእስ በላያቸው። መሐል ላይ ዓለምጌጥ ፈገግ ብላለች። ከፎቶዋ ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ «ሀይሌ የእኛ ሰው ነው። ሲራጁዲን ጥሩ ሾፌር ነው።»

ቆማ ደጋግማ አነበበችው። ያላለችውን ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም። ሁሉም ከአፏ የወጣ ነው። በርበሬውን ሳትይዝ ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ሲራጁዲን ቤት ነው። መስዑዳ በሩን ከፈተች፤ ግን እንደ ወትሮው «ግቢ» አላለችም። በሩን በእጇ እንደያዘች ቆመች።

«መስዬ፣ ጋዜጣውን አይታችሁት ከሆነ እኔ እንደዚያ አላልኩም። ማለቴ፣ ብያለሁ፤ ግን እንደዚያ አይደለም።»

«ምን ቸገረዎት» አለች መስዑዳ። «ሰው የመሰለውን ይናገራል። ሲራጅ ሥራ ላይ ነው፤ ሲመጣ መጥተው ነበር እለዋለሁ።»

ዓለምጌጥ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ስንት ዓመት አንቺ እያለች የጮኸችባት፣ ባሏ የሞተ ቀን ነጠላዋን ያሠረችላት ሴት፣ እንደ ማታውቀው ባልቴት አከበረቻት። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ነቢዩን አፓርትመንቱ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት አገኘችው። ሳይሸማቀቅ ወንበር ሳበላት።

«የሰው ንግግር ኮት ሲደረግ ይቆረጣል፣ እህቴ። ቦታ አይበቃም። አላልኩም የምትይው ቃል አለ?»

«ሀይሌን እመርጣለሁ አላልኩም።»

«የእኛ ሰው ነው ብለሻል። ታዲያ ሰው የራሱን ሰው አይደል የሚመርጠው?»

«የቸርቻችን ሰው ማለቴ ነው። ስለ ሲራጅ የነገርኩህንስ የት ጣልከው? አሁን እስላም ስለሆነ ሾፌርነት ይበቃዋል ያልኩ አስመሰልከኝ።»

ነቢዩ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረ። «እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም። አንባቢው እንደዚያ ካነበበው ምን ላድርግ? ኦኬ፣ በሚቀጥለው እትም ማረሚያ አወጣለሁ።»

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«በወሩ መጨረሻ።»

«ምርጫው ያልቃል እኮ።»

«ጋዜጣ ነዋ» አላት። «ማተሚያ ቤቱ ለአንድ ሰው ብሎ አይነሣም።»

የቀራት ሀይሌ ነበር። አንዲት የኳየር ጓደኛዋ በመኪና ሳክሲ አደረሰቻት። ሀይሌ በሁለት እጁ ጨብጦ አስገባት፤ ሁሉንም እስክትጨርስ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማት።

«እኔ በነቢዩ ሥራ አልገባም» አለ። «አዝኛለሁ። ግን አሁን ጉዳዩን ብናነሣው፣ ቸርቻችን ውስጥ መከፋፈል አለ ይባላል። ለጌታ ስም ብለሽ ለጥቂት ቀን ታገሺ።»

ይህን ሲል ከኋላው ያለው የመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ፣ ሊበተን የተቆለለ በራሪ ወረቀት ነበር። ከላይ የሚታየው የእሷ ፎቶ ነው፤ ከጋዜጣው የበለጠ ተልቆ። ሀይሌ ዓይኗ የት እንዳረፈ አየ። እሷም ተነሣች። ከዚያ ቤት ስትወጣ ግን ልቧ ቆርጦ ነበር።

የምርጫው ስብሰባ አርሊንግተን ካለው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በተከራዩት አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ተደረገ። አስቀድሞ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ተናገሩ፤ ከዚያ ለአስተያየት ዕድል ተሰጠ። ዓለምጌጥ እጇን አነሣች። ማይኩን ተቀበለች።

«ጋዜጣው ላይ ያያችሁኝ እኔ ነኝ» አለች። «እዚያ ላይ ያለው ተቆርጦ ነው የወጣው። ሲራጁዲን ሾፌር ነው ብቻ አላልኩም። ባለቤቴ ታሞ እኔ እግር ሳጣ፣ እግር የሆነኝ እሱ ነው። ሥራውን ጥሎ ያመላልሰው ነበር። ደረጃ ሲያቅተው አዝሎ ያወጣው ነበር። ሲያስመልሰው ጠርጎለታል። አንድ ቀን ተናግሮት አያውቅም፤ የነገረኝ ግዛቸው ነው። እኔ የምመርጠው እሱን ነው።»

ከፊት የተቀመጡት ወደ እሷ ዞሩ። ዓለምጌጥ ሰው የሰማት መሰላት። ከዚያ ከቸርቿ ሰዎች መካከል አንዱ ተነሣ።

«በጋዜጣ የተናገሩትን ዛሬ ካዱ፤ ነገስ ይህንን እንደማይክዱ በምን እንመን? ማን ነው አስጠንቶ ያስነሣዎት?»

ሌላው ከኋላ፣ «በሽተኛ ያመላለሰ ሁሉ ሊቀ መንበር ይሁን ከተባለ አምቡላንስ ነጂ እንምረጣ» አለ።

ሰው ሳቀ። ከሾፌሮቹም የሳቁ ነበሩ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ፤ ዓለምጌጥ ማይኩን መልሳ ተቀመጠች። ሲራጁዲንን ፈለገችው። መድረኩ ላይ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ስትናገር አንዴም ቀና አላለም።

ድምፅ ተሰጠ። እሷም የሲራጁዲንን ስም ጽፋ ከተተች። ቆጠራው ሲያልቅ ሀይሌ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

ሲራጁዲንን ታክሲውን ፓርክ ካደረገበት ቆሞ አገኘችው። ሮጣ ደረሰችበት።

«ሲራጅ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ጋዜጣው—»

«ጋዜጣውን ተይው» አላት። «ጋዜጣው ሾፌር ነህ አለኝ፤ ሾፌር ነኝ። ያናደደው መስዑዳን ነው፤ እኔን አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ፊትህን አዞርክብኝ?»

የመኪናውን ቁልፍ በጣቶቹ መሐል አዟዟረው። «ግዛቸው ያን ጊዜ እንዳዝለው አይፈልግም ነበር። በመጀመሪያው ቀን አልቅሷል። ለሰው እንዳትናገርብኝ ብሎ አስምሎኛል፤ ለመስዑዳ እንኳ አልነገርኳትም። ዛሬ ያ ሁሉ ሕዝብ ማዘሌንም፣ የሱን ማስታወክም ሰማ። ሰምቶም ሳቀ። እኔም ይህን ሁሉ ለድምፅ ብዬ ያደረግኩ ሰው ሆኜ ተቀመጥኩ።»

ዓለምጌጥ ግዛቸው ማልቀሱን አታውቅም ነበር።

«ለደግ ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል» አላት። «ግን ከእንግዲህ በኔ ነገር ሰው ፊት አትቁሚ።» መኪናው ውስጥ ገባ። ላድርስሽ አላላትም፤ እሷም አልጠበቀችም።

ወሬው ግን እሱ እንዳለው ሆነ። በሱቁም በሬስቶራንቱም፣ ሲራጁዲን ያኔም ለሥልጣን አስቦ ነው ሕመምተኛ ሲያመላልስ የኖረው ተባለ። ቸርች ደግሞ የኳየሩ መሪ እስከዳር ለብቻዋ ጠርታ፣ «ለጊዜው ብታርፊ» አለቻት። «እስከ መቼ?» ብትላት፣ «ነገሩ እስኪበርድ» አለች። ሀይሌ በር ላይ ሲያገኛት እንደ በፊቱ በሁለት እጁ ይጨብጣታል።

በወሩ መጨረሻ «ጎረቤት» ወጣ። ፊተኛው ገጽ ላይ፣ ለንደን ውስጥ ያ ትልቅ ጋዜጣ የዞረለት ፓርቲ ማሸነፉ፣ ዳላስም «ጎረቤት» የደገፈው ሰው ማሸነፉ በአንድ ላይ ተጽፎ፣ ጋዜጣ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይተነትናል። ማረሚያው የኋላው ገጽ ላይ፣ ከታክስ ሠሪው ማስታወቂያ ሥር ነበር፦ «ባለፈው እትም የወ/ሮ ዓለምጌጥ አስተያየት በቦታ ጥበት ምክንያት አጥሮ ወጥቷል።» ምን እንደተናገረች ግን አይልም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲራጁዲንና መስዑዳ ቤት ለቀቁ። ዓለምጌጥ ከሥራ ስትመለስ የዕቃ መጫኛውን መኪና አየች። የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ሄዳ፣ ማንም ሳይጠራት፣ የአንዱን ሶፋ ጫፍ ያዘች። በሌላው ጫፍ ሲራጁዲን ነበር። አብረው ተሸክመው መኪናው ላይ ጫኑት። መስዑዳ ሳጥኖቹን እየቆለለች ዞር ብላ አላየቻትም።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ጋርላንድ። ለመስጊዱ ይቀርበናል።»

«አድራሻችሁን አልሰጣችሁኝም።»

«ስልኩ ሲገባልን ኮል አደርግሻለሁ» አለ።

ቁጥሯን ያውቀዋል፤ ግዛቸው በታመመበት ጊዜ ሁሉ የሚደውልበት ያው ቁጥር ነው። ዓለምጌጥ ያን በጋ ከሥራ በገባች ቁጥር፣ ጫማዋን ከማውለቋ በፊት የስልኩን መልእክት መቀበያ ታዳምጥ ነበር። የመጦሪያው አለቃ ተጨማሪ ሺፍት እንድትገባ ይጠይቃታል፤ የስልክ ካርድ የሚሸጡ ሰዎች ይደውላሉ። ሲራጁዲን አልደወለም።