ጭማሪ ያገኙት መምህር ምን ጎደላቸው?

አዲሱ የደመወዝ ስኬል ከወጣ ስድስት ወር ሆኖታል። መምህራን በሥራቸው ምን ያህል እንደረኩ እንድታጠና ከትምህርት ቢሮ የተላከችው ባለሙያ በአንድ ትምህርት ቤት የተሞሉትን መጠይቆች ስታገላብጥ አንዱ ላይ ዓይኗ ቀረ። "በጣም ዝቅተኛ" የሚለው ላይ ምልክቱ ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኗል። ስም ባይጻፍበትም የተሞላው የሥራ ደረጃ አሳበቀ፤ በትምህርት ቤቱ ትልቁን ጭማሪ ያገኙት የሒሳብ መምህር ናቸው።

ነገሩ ከነከናት። ያለ መሣሪያ ክብ ስለሚስሉ ተማሪዎች "ኮምፓስ" የሚሏቸውን እኚህን ሰው ፍለጋ ሄደች። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፎርም ሲሞሉ አገኘቻቸው።

"ስም አይጻፍም አላላችሁም እንዴ?" አሉ እየሳቁ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ነገሩ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ጭማሪው አነሰ?"

"ኧረ ምን በወጣው! ሚስቴ መርቃችሁ አልጠገበችም።"

"ታዲያ?"

"ደረጃዬ 'መሪ መምህር' ሆነ። መሪ መምህር የሰው ክፍል ይታዘባል እንጂ አያስተምርም። ዝቅ አድርጉኝና ላስተምር ብል፣ መመሪያው አይፈቅድም አሉኝ። ነይ፣ ሥራዬን እይው።"

አንድ ክፍል ገብተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። አንድ ወጣት መምህር እያስተማረ ሳለ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"ስድስትን ለዜሮ ማካፈል ለምንድነው የማይቻለው?"

"ሕጉ ነው" አለ መምህሩ፤ መልሱ ግን ለራሱም አልጣመውም። "እስቲ ጋሼ፣ እርስዎ ያስረዷት።"

ኮምፓስ ቃሉን እስኪጨርስ አልጠበቁም፤ ተነሥተው ጠመኔ ያዙ።

"ስድስት እርሳስ አለሽ። ለእያንዳንዱ ሰው ዜሮ ዜሮ ብታድዪ፣ ስንተኛው ሰው ላይ ያልቅብሻል?"

ልጅቷ አሰበች። "አያልቅም!"

"እንግዲህ መልሱን ስንት ብዬ ልጻፍልሽ?"

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ባለሙያዋ ቅድም ፎርም ላይ ያጎነበሱትን ሰውዬ በዓይኗ ፈለገች፤ የሉም። ጠመኔ የያዙት ሌላ ሰው ናቸው።

ቢሮ ተመልሳ ያየችውን ስትነግረው አለቃዋ ግን "ብዙው ረክቷል፤ የአንድ ሰው ቅሬታ ነው፣ ተዪው" አላት።

"ሌሎቹን መሪ መምህራን ጠይቄ ልምጣ።"

በየትምህርት ቤቱ ዞራ አሥራ አራት መሪ መምህራን አነጋገረች። አሥራ አንዱ ክፍላችንን መልሱልን አሉ። ሪፖርቱ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ከረመና፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መሪ መምህራን በሳምንት ስምንት ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምሩ ተፈቀደ።

ኮምፓስ ስልክ ደወሉላት።

"ክፍል ሰጡኝ፤ ፎርሙን ግን አልቀነሱልኝም!"

"ታዲያ አሁን እርካታዎ እንዴት ነው?"

"ቆይ፣ የክፍል ደወል ተደውሏል፣ ልግባ" ብለው ዘጉባት።